ደጋ ላይ ድራግ፦ በቤት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሰለፍ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ወደሚገኘው ጋራዤ የሚመጡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የፈረስ ጉልበት ነው። ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ልቀይር? የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ ልሩጥ? ደብረ ብርሃን ላይ ለድራግ ውድድር መኪና ይዞ ለሚሰለፍ ሰው ግን ቀዳሚው ነገር ሌላ ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ አይሰጥም። ይህን ማርሚታ አይመልሰውም። ደጋ ላይ ጥሩ ሰዓት የሚገኘው ከመነሻው፣ ከጎማውና ከነጂው እግር ነው፤ የምመክርህም በዚሁ ላይ ነው።

ድራግ ማለት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ መንገድ የሚሮጡት ነው። የተለመደው ርቀት 402 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ማይል ነው። አጭሩ 201 ሜትር ነው። አሜሪካኖቹ ከየጎዳናውና ከየአውሮፕላን ሜዳው ሰብስበው ደንብ ያበጁለት ዋሊ ፓርክስ የሚባል ሰው በ1951 ኤንኤችአርኤ የተባለውን ማኅበር ካቋቋመ በኋላ ነው። ዓላማቸውም ወጣቱን ከሕዝብ መንገድ ማውጣት ነበር። አዘጋጆቹ ምርጫ ከሰጡህ ለመጀመሪያ ጊዜ 201ዱን ውሰድ። የሚያስተምርህ መነሻው ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱም ርቀት አንድ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ፍጥነቱ ያነሰ፣ መቆሙም የቀለለ ይሆናል።

ስለ ቦታው ሳልናገር ወደ መኪናው አልገባም። በእኛ አካባቢ ለድራግ ተብሎ የተሠራ ቋሚ መንገድ የለም። ስለዚህ የምትሮጠው አዘጋጅ ኖሮት፣ ፈቃድ ወጥቶለት፣ ከሁለቱም ጫፍ በፖሊስ በተዘጋ መንገድ ላይ ብቻ ነው። የደሴ መንገድ ለዚህ አይሆንም። ሌሊትም ቢሆን፣ ጭር ያለ ቢመስልም አይሆንም። በዚያ መንገድ መብራት የሌለው ጋሪ ይሄዳል፣ በግ የሚነዳ ገበሬ ይሻገራል፣ ጭነት ያዘለ አይሱዙ ከመታጠፊያ ድንገት ይወጣል። «ማታ ና፣ ሁለት ሆነን እንሞክራት» የሚልህን ጓደኛ እምቢ በለው፤ ቢቀየምህም ይቀየምህ። ተገቢ ቦታ ስትደርስ ደግሞ ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው ከመጨረሻው መስመር ወዲያ ያለውን መንገድ ይሁን። የሚሮጠው 402 ሜትር ከሆነ ከዚያ ወዲያ እጥፍ ያህል ባዶ መንገድ ለመቆሚያ ካልቀረ አልሮጥም በል። አምቡላንስና የእሳት ማጥፊያ ከሌለም እንደዚሁ። የኢንሹራንስ ውልህንም አንብብ፤ ብዙ ውሎች ውድድር ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም።

አሁን ወደ አየሩ እንመለስ። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል የታወቀ የድራግ መንገድ ነበር፤ በ2023 ተዘጋ። ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ ነበር፤ እዚያ የሚወዳደሩት ባለሙያዎች ለስሱ አየር ብለው የሞተራቸውን ልክ እንደገና ያስተካክሉ ነበር። እኛ ከዚያም አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው ያለነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጉልበት በሩብ ሲቀንስ የሩብ ማይሉ ሰዓት በአንድ አሥረኛ ያህል ይረዝማል። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ በ17 ሰከንድ የሚገባ መኪና ደብረ ብርሃን ላይ 18.7 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ሌላ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ አይተህ «የእኔ ኮሮላ ታማለች» ብለህ ሞተር አታስፈታ። መኪናህ ደህና ናት፤ አየሩ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና የሚያጣው ያነሰ ነው፤ ከእንደዚያ ዓይነቱ ጋር ብትሰለፍ አትገረም።

ጠዋት ግን እጅህ ላይ የሚጥልልህ ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሳይለቅ፣ አየሩ 5 ዲግሪ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ከሚሆነው ይልቅ 5 በመቶ ያህል ይወፍራል። ለትንሽ ሞተር ይህ ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት ጎማህም የሞተር ዘይትህም በረዶ ነው። ስለዚህ ከመሰለፍህ በፊት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ ብለህ ንዳ፤ አስነሥተህ ቆመህ ብቻ አትጠብቅ፤ ማርሹና ጎማውም መሞቅ አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደብረ ብርሃን ንፋስ ይነሣል። ከፊት ከመጣ ሰዓትህን ይበላል፤ ከጎን ከመጣ መሪውን በሁለት እጅ ያዝ።

ዝግጅቱን ቤትህ ጨርስ። አንድ ልጅ ማርሚታውን አስፈትቶ ቪትዙን እያስጮኸ መጣና «ጋሼ፣ ስንት ፈረስ ጨመረች?» አለኝ። ኮፈኑን አስከፍቼ የራዲያተሩን ክዳን እንዲያወጣው ነገርኩት፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበርና አወጣው። ከክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ፣ ዙሪያውን ተሰነጣጥቆ፣ አንዱ ወገን ተቆርሶ ወድቋል። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ካላፈነ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አከታትለህ ስትሮጥ ውኃው ይገነፍላል፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ጋስኬትም ይቃጠላል። ልጁን በዚያው ቀን ክዳን አስገዛሁት፤ ማርሚታውንም መልሰን አሰርን። አንተም የራዲያተር ክዳንህን እይ፤ ርካሽ ነገር ነው።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ጠቁሮ እንደሆነ አስቀይረው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት የጠጣው ግን እስከ 140 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል። የፍሬን ሸራውን ውፍረት በዓይንህ እይ። የጎማ ዳዶዎቹን በቁልፍ አጥብቅ፤ ባትሪው ከነማሰሪያው እንዳይነቃነቅ። ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ የወለል ምንጣፍ፣ ውኃ መያዣ፣ በሩ ኪስ ውስጥ ያለው ሳንቲም ሳይቀር ይውጣ። የሚንከባለል ጠርሙስ ከፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ምን እንደሚሆን አስበው። ነዳጅ ሩብ ታንክ ይበቃል። ኤሲውን አጥፋ፤ ጉልበት ይወስዳል፣ መነሻው ላይም ውኃ ያንጠባጥባል። ሄልሜትና ቀበቶ ሳይደረግ አይነሣም።

ጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው የቤት መኪና የሚጎትተው በፊት እግሩ ነው። ስትነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ጎማው ቶሎ ይሽከረከራል። ንፋስ 32 የምትሞላ ከሆነ የፊቶቹን ወደ 28 አውርድ፤ ከዚያ በታች ግን አትሂድ። የኋላዎቹን አትንካ። ሌሎች ጎማ ለማሞቅ ከመነሻው ኋላ በተደፋ ውኃ ላይ ሲያሽከረክሩና ሲያጨሱ ብታይ አትከተላቸው። ያ ለውድድር ጎማ ነው፤ የመንገድ ጎማ ውኃውን በጥርሱ ይዞ ወደ መነሻው ያመጣዋል። ውኃውን በጎን ዙረህ እለፈው።

መነሻው ላይ መብራት ካለ ከላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። የፊት ጎማህ ወደ መስመሩ ሲቀርብ የመጀመሪያው ይበራል፤ ትንሽ ስትገፋ ሁለተኛው። ሁለተኛው እንደበራ ቁም፤ አንድ ስንዝር አትጨምር። ከዚያ ሦስት ቢጫዎች በግማሽ ሰከንድ ልዩነት በተራ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ። አረንጓዴውን አይተህ ከተነሣህ ዘግይተሃል፤ እግርህም መኪናውም ጊዜ ይወስዳሉ። የመጨረሻው ቢጫ ሲበራ ተነሣ። ቀይ ከበራብህ ቸኩለሃል፤ ያኛው ዙር አለቀ ማለት ነው። ሰዓትህ ግን የሚቆጥረው ጎማህ መስመሩን ከለቀቀበት ጀምሮ ስለሆነ ዘግይተህም ብትነሣ የመኪናህን እውነተኛ ሰዓት ታገኛለህ። ለመጀመሪያ ቀን ዋናው እሱ ነው። መብራት ከሌለና ባንዲራ ከሆነ የሰውየውን ክንድ እንጂ የጎንህን መኪና አትይ።

አነሣሡ ከፍታውን ይከተላል። ቆላ ላይ ሞተሯ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲሽከረከር የምትነሣ መኪና እዚህ በዚያው ዙር ትንደፋደፋለች፤ ሞተሩ ታች ላይ ጉልበት የለውም። በማኑዋል 3,000 አካባቢ ይዘህ ፍሪሲዮኑን በፍጥነት፣ ግን ሳትወረውረው ልቀቅ፤ መኪናው መጎተት ሲጀምር ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጥ። ጎማው ከጮኸ ነዳጁን በጥቂቱ መልስ እንጂ ጨርሰህ አትልቀቅ። አውቶማቲክ ከሆነ በግራ እግርህ ፍሬን ይዘህ ወደ 1,500 ብቻ ከፍ አድርግና ልቀቅ። ሲቪቲ ካምቢዮ (የማርሽ ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ያላቸውን፣ ብዙዎቹ ቪትዞች እንደዚያ ናቸው፣ በፍሬን ይዘህ አታስጨንቃቸው፤ ፍሬኑን ለቅቀህ ወዲያው መርገጥ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች ላይ ያተረፍከው ጊዜ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል፤ ብዙ ጊዜም ሲደርስ አድጎ ነው የሚገኘው። ጉግስ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ፈረሱ ገና ከመነሻው ካልተወረወረ በኋላ ጅራፍ አያደርሰውም።

ማርሽ ስትቀይር የዙር መለኪያው ቀይ መስመር ጋ ሳትደርስ፣ 400 ዙር ያህል ሲቀር ቀይር። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ እጅህ ቀጥታ ወደ ታች ይምጣ፤ ተጣድፎ ሁለተኛ የገባ ሞተር አይተርፍም። በጎንህ ያለውን መኪና አትይ። መጨረሻውን ካለፍክ ነዳጁን ልቀቅ፣ ማርሹን እንደገባ ተወው፣ ፍሬን በዝግታ ያዝ። ከ120 ላይ በዝግታ ለመቆም 200 ሜትር ይበቃል፤ ቦታ እያለህ አትደንግጥ። ሌላኛው መኪና የት እንዳለ ሳታይ ወደ መውጫው አትታጠፍ፤ ቅድሚያው የማን እንደሆነ ጠዋት አዘጋጆቹን ጠይቅ። ተመልሰህ ስትቆም ኮፈኑን ክፈት፤ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛ አትሰለፍ።

ሰዓትህ የተጻፈበት ወረቀት ከሰጡህ የ18 ሜትሩን ሰዓት ከመጨረሻው ሰዓት አስቀድመህ አንብብ። በየሩጫው አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፦ ወይ የጎማ ንፋስ፣ ወይ የምትነሣበትን የሞተር ዙር። ሁለቱን አንድ ላይ ከለወጥክ የቱ እንደጠቀመህ አታውቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ብርዱንም ጻፍበት።

ከዚያ ጎማውን ወደ 32 መልሰህ ሙላ፤ ስኮርቱንና ክሪኩን ወደ ቦታቸው መልስ። ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ይህን ስማኝ። ከ120 ላይ አንድ ጊዜ ስትቆም ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ከፍታን በ57 ሜትር ዝቅ ማለት ከሚያመጣው ጋር እኩል ነው። ጣርማበር ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ብትወርደው 30 ጊዜ አከታትሎ ከ120 ላይ እንደመቆም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሞቀ ፍሬን። ስለዚህ ዋሻውን ሳታልፍ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አውርድ፤ ሞተሩ ይያዝልህ። ሲቪቲ ከሆነ ኤል ወይም ኤስ ላይ አድርገው። ጉም ካለ መብራትህን አብራ፤ የፍሬን ሽታ ከሸተተህ ሰፋ ያለ ዳር ፈልገህ ቁም፤ እጅ ፍሬኑን ሳትስብ ማርሽ አስገብተህ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገህ ቸርኬው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ውኃ አትድፋበት፤ ዲስኩ ይጣመማል።