ጋዜጠኛ ሲታሰር ቤተሰብና ባልደረባ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ማድረግ ያለባቸው

ጋዜጠኛን በሥራው ምክንያት ዝም ማሰኘት የሚፈልግ ባለሥልጣን ብዙ ጊዜ የጥፋተኝነት ፍርድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። በጊዜ ቀጠሮ ላይ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ከፍርድ ቤት የሚለምነው ተጨማሪ የእስር ጊዜ፣ እየተጠየቀ፣ ዋስትና ሲፈቀድ ይግባኝ እየተባለ፣ ታሳሪው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ወራት ካለፉ ዝግጅት ክፍሉ ይበተናል፣ መረጃ ሰጪዎቹ ይሸሻሉ፣ ባልደረቦቹም ይፈራሉ። ዞን ዘጠኝ በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩት ጦማርያንና አብረዋቸው የታሰሩት ሦስት ጋዜጠኞች ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ተይዘው ክስ የተመሠረተባቸው በሐምሌ ወር ነበር፤ አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ሲለቀቁ፣ በእስር የቀሩት ደግሞ ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ ያላቸው በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ወር በእስር ያለፈው ላልተረጋገጠ ክስ ነው። ስለዚህ ቤተሰብና ባልደረባ ሊይዙት የሚችሉት ዋናው መሣሪያ የሰዓትና የቀን መዝገብ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክርም በዚያ ዙሪያ የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከታሰሩ በኋላ ለማድረግ እጅግ ያስቸግራል። ለትዳር ጓደኛ ወይም ለቅርብ ዘመድ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ውክልና መስጠት ደመወዝ ለመቀበል፣ የቤት ኪራይ ለመክፈልና ጠበቃ ለመቅጠር ያገለግላል። የጠበቃው ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ስልኩ መጀመሪያ የሚወሰድ ዕቃ ነውና። የመረጃ ምንጮች ስም በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ስልኩም በጣት አሻራ ሳይሆን በረጅም የይለፍ ቃል ይቆለፍ። ይህ ጥንቃቄ ከጋዜጠኛው ይልቅ እርሱን አምኖ የተናገረውን ሰው የሚጠብቅ በመሆኑ በዋዛ መታየት የለበትም።

የመያዣው ሰዓት

ፖሊሶች ወደ ቤት ሲመጡ በትሕትና ሆኖም በግልጽ የብርበራና የመያዣ ትዕዛዝ እንዲያሳዩ ይጠየቁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት በተለየ ሁኔታ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሆነ ይደነግጋል። ትዕዛዝ ባያሳዩም መታገል አይገባም፤ መጠየቁና የተሰጠው መልስ መመዝገቡ ይበቃል። የተወሰዱ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ከመፈረም በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ከነዓይነቱ መጻፉ ይታይ፤ «አንድ ላፕቶፕ» ከሚባል ይልቅ ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ቢጻፍ በኋላ ሌላ ዕቃ እንዳይተካ ይረዳል። ከመጨረሻው መስመር በታች ያለው ባዶ ቦታም በሠረዝ ይዘጋ፤ በኋላ የሚጨመር ነገር እንዳይኖር።

ሰዎቹ እንደወጡ፣ ገና ልብ ሳይረጋ፣ አንድ ሰው ደብተር ይክፈትና ይጻፍ። አጻጻፉ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ20። አራት ሰዎች መጡ፤ ሁለቱ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ ሁለቱ ሲቪል ናቸው። ነጭ ፒክአፕ፣ ሰሌዳውን አላየሁም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጠየቅን፣ አላሳዩም። ‘ለጥያቄ እንፈልገዋለን፣ አሁን ይመለሳል’ አሉ። ያየሁት እኔና ጎረቤታችን ነን።» በዚህ አጻጻፍ ውስጥ «በግፍ» ወይም «በጭካኔ» የሚል ቃል የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በዓይን የታየው ከተሰማው ይለይ፤ ያልታየውም እንዳልታየ ይጻፍ። እንዲህ ያለ መዝገብ በችሎትም ሆነ በዓለም አቀፍ ተቋም ፊት ክብደት የሚኖረው በዚህ ቁጥብነቱ ነው።

ያሉበትን ማግኘት

ታሳሪው የት እንዳለ ካልተነገረ በአካባቢው ከሚገኘው ጣቢያ ጀምሮ እስከ ፌዴራል ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ድረስ ስንቅ ይዞ መዞር የቆየ ሆኖም ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው። «እዚህ የለም» የሚል ዘበኛ ብዙ ነው፤ ስንቁን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባ ጣቢያ ግን ሰውየውን መያዙን አመነ ማለት ነው። የተመለሰው ምሳ ዕቃ ባዶ መሆኑ፣ ወይም ምግቡ ሳይነካ መመለሱ፣ በደብተሩ ላይ ይስፈር። ለማጠቢያ የሚወጣው ልብስም በጥንቃቄ ይታይ፤ ደም ወይም ቅዳጅ ካለበት ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ለጠበቃው ይነገር። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከሐኪም ማዘዣው ቅጂ ጋር ይግባ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ ታሳሪን የመጎብኘት ዕድል እንዲሰጣቸው ያዛል፤ የተከለከለ ሰው ማን፣ መቼ፣ በማን እንደተከለከለ ይጻፍ።

አርባ ስምንቱ ሰዓትና ችሎቱ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ከዚህ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚገመተው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። አንቀጹ ስለ ቅዳሜና እሑድ የተለየ ነገር አይናገርም። ዓርብ አመሻሽ ላይ የሚደረግ እስር ጠበቃ ለማግኘት የማይመች ጊዜን የሚሻማ በመሆኑ የጠበቃው ስልክ በዚያው ምሽት ይደወል፤ ቅዳሜ ማለዳም በአዲስ አበባ ከሆነ አንድ ዘመድ የጊዜ ቀጠሮ ጉዳዮች በሚታዩበት በአራዳ ምድብ ችሎት አካባቢ ይገኝ። ብዙ ቤተሰብ ታሳሪው መቅረቡን የሚሰማው ችሎቱ ካለቀ በኋላ ነው።

በችሎት ጠበቃው በቅድሚያ ሊያነሣው የሚገባ ነጥብ አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በአንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት በተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ በእስር ሳይቆይ ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። የተጻፈው ጽሑፍ ወይም የተላለፈው ዝግጅት በአደባባይ ያለ ስለሆነ በእስር አቆይቶ የሚፈለግ ማስረጃ የለም፤ የድንጋጌው ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። በዚህም የተነሣ መርማሪ ፖሊስ ጉዳዩን «ሁከት ማነሣሣት» ወይም ሽብር ብሎ ሊያቀርበው ይሞክራል። መልሱ አጭር ጥያቄ ነው፦ ተጠርጣሪው ከጻፈውና ከተናገረው ውጭ ምን አደረገ? ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄና የፖሊስን መልስ በመዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር ይጠየቅ። ጊዜ ቀጠሮ ከተፈቀደ በመደበኛው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በተከታዩ ቀጠሮም ፖሊስ ባለፈው ያመለከታቸውን የምርመራ ሥራዎች በትክክል ሠርቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠየቅ። ለዚህ ደግሞ ባለፈው ቀጠሮ የተባለው ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ቃል በቃል፣ ከመዝገብ ቁጥሩና ከችሎቱ ስም ጋር።

48 ሰዓት አልፎ ሰውየው ካልቀረበ፣ ወይም ዋስትና ተፈቅዶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ ካልተለቀቀ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት እንዲያዝ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ይቅረብ። ዋስትናው ላይ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የመፈቻው ትዕዛዝ ቅጂ ይወሰድ፣ ለጣቢያው ሲሰጥ ቀኑና ሰዓቱ ይመዝገብ፣ ተቀባዩ አልፈርምም ካለ ስሙና ማዕረጉ ይጻፍና ወደዚያው ችሎት ይመለስ። የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ የማይፈጽም ፖሊስ ሥልጣኑን አላግባብ ለመጠቀሙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. እንደታወጀው ዓይነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሚጸናበት ወቅት ከእነዚህ መብቶች ብዙዎቹ ሊታገዱ ይችላሉ። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በምንም አዋጅ አይታገድም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትኩረቱ ወደ አያያዙ ይዙር፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማቆያዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው ታሳሪው ያለበት ቦታ በጽሑፍ ይነገረው።

ለሕዝብ መናገርና በውጭ ያሉ ወገኖች

ዝም ብለን ብንቆይ ቶሎ ይፈቱታል የሚል ተስፋ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አለ፤ ተስፋውን እረዳዋለሁ፣ ሆኖም ከመጀመሪያው ቀን በላይ ዝም ማለትን አልመክርም። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ያሉ ወዳጆች ከመለጠፋቸው በፊት ከአንድ የቤተሰብ ተወካይ ጋር ይነጋገሩ። ስም፣ የተያዘበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የተሰጠው ምክንያትና የሚሠራበት መገናኛ ብዙኃን ይበቃል። የታሳሪውን የፖለቲካ አቋም መተንተን፣ ከአንድ ድርጅት ወይም ታጣቂ ጋር ማያያዝ፣ ያልተረጋገጠ የሞት ወይም የድብደባ ወሬ ማሰራጨት መርማሪው የሚፈልገውን ማስረጃ በነጻ መስጠት ነው።

ኒው ዮርክ የሚገኘው የጋዜጠኞች ተሟጋች ኮሚቴም ሆነ በጄኔቭ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድን የሚጠይቁት በደብተሩ ላይ የሰፈረውን ነው፤ ማን ያዘ፣ ትዕዛዝ ታየ ወይ፣ መቼ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በየትኛው ሕግ። የሥራ ቡድኑ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ተሟጠው እስኪያልቁ አይጠብቅም። ይኸው ቡድን በ2005 ዓ.ም. የጋዜጠኛ እስክንድር ነጋን እስር የዘፈቀደ ሲል ወስኖ ነበር፤ 18 ዓመት የተፈረደበት እስክንድር ግን የተፈታው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው በር አልከፈተም፤ ሆኖም መንግሥት «የታሰረው በጋዜጠኝነቱ አይደለም» ለሚለው መልስ ከዚያ በኋላ የቆመ ማስተባበያ ሆኗል። ለዚህም ሲባል አቤቱታው መላክ አለበት።

ታሳሪው ሲፈታም ደብተሩ አይዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕክምና ምርመራ ይደረግና ማስረጃው ይያዝ፤ የተወሰዱት ዕቃዎች በዝርዝሩ መሠረት በጽሑፍ ይጠየቁ፤ የተመለሰው ስልክም ለሥራ ሳይውል ባለሙያ ይየው። ጠበቃው ደግሞ ምርመራው በዐቃቤ ሕግ ውሳኔ መዘጋቱን፣ ወይስ በዋስትና ብቻ መለቀቃቸውን ያጣራ፤ ያልተዘጋ መዝገብ ከዓመት በኋላም ሊነሣ ይችላልና ቅጂዎቹ ከቤት ውጭ በሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጡ።