በአፈር ግድብ ላይ የሚታይ የውሃ ስርገትን እንዴት መመርመርና ለአደጋው መዘጋጀት እንደሚቻል

ከአፈር የተሠራ ግድብ ሁሉ ጥቂትም ቢሆን ውሃ ያሰርጋል። ስለዚህ በግድቡ ግርጌ ውሃ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ የሚያሳስበው ውሃው አፈር ይዞ ሲወጣ፣ ወይም ግድቡ የያዘው ሐይቅ ከፍታ ሳይጨምር የስርገቱ መጠን ሲጨምር ነው።

በመጀመሪያ የግድቡን ንድፍና የቀደሙ ልኬቶችን አንብቡ፤ የዕለቱን የሐይቅ ከፍታም መዝግቡ። ቀጥሎ በግድቡ አናት ላይ እየተራመዳችሁ ስንጥቅና ስርጉድ ቦታ ፈልጉ። ከዚያም ከሐይቁ ተቃራኒ በኩል ያለውን የግድቡን ተዳፋት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሳችሁ እስከ ግርጌው ድረስ ፈትሹ። በደረቅ ወቅት ለምልሞ የሚታይ ሣር ከሥሩ እርጥበት መኖሩን ይጠቁማል። ከሁሉ በላይ ግን የውሃ ማስወጫው ቱቦ ግድቡን አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ጊዜ ይፈልጋል፤ በቱቦው ዙሪያ አፈሩን በሚገባ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ በመሆኑ ውሃ መንገድ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

ሦስተኛው ሥራ መለካት ነው። ስርገቱን በቦይ ሰብስባችሁ ባለ ሦስት ማዕዘን አፍ ባለው የፍሰት መለኪያ ለኩ፤ ከውሃውም በብርጭቆ ማሰሮ ቀድታችሁ ደለል ይዘቅጥ እንደሆነ ተመልከቱ። በአሜሪካ፣ በአይዳሆ ግዛት የነበረው የቴቶን ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየያዘ ሳለ፣ ከግድቡ በታች ንጹሕ ውሃ የሚያፈልቁ ትናንሽ ምንጮች ታይተው ነበር። ሰኔ 5 ቀን 1976 (እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ) ጠዋት ግን ውሃው ድፍርስ ሆኖ መውጣት ጀመረ፤ ግድቡም እኩለ ቀን ሳይሞላ ፈረሰ፣ 11 ሰዎችም ሞቱ። በድፍርሱ ውሃና በመፍረሱ መካከል የነበረው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር።

ድፍርስ ውሃ ካያችሁ መውጫውን በጭቃ ለመድፈን አትሞክሩ፤ የታፈነው ግፊት ሌላ መውጫ ይፈልጋልና። ይልቁንም መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያም ድንጋይ ደርቡበት፤ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ግን ይያዛል። ሐይቁን በማስወጫው ዝቅ ማድረግም ያስፈልጋል፤ ሆኖም ፍጥነቱን መሐንዲሱ ይወስን፤ ውሃው በድንገት ሲጎድል በሐይቁ በኩል ያለው ተዳፋት ሊንሸራተት ይችላል። ዘላቂው ጥገና፣ ማለትም በግርጌው የማጣሪያና የማንጣፈፊያ ንብርብር መጨመር ወይም በመሠረቱ ውስጥ ሲሚንቶ በግፊት ማስገባት፣ ከጥናት በኋላ የሚመጣ ነው።

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ መጻፍ አለበት። ግድቡ ቢፈርስ ጎርፉ የት የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጁ፤ የማስጠንቀቂያ ደረጃዎችንም በግልጽ ለዩ። «ይውጡ» የሚለውን ትእዛዝ ማን እንደሚሰጥና እሱ ባይገኝ ማን እንደሚተካው በስም ይጻፍ፤ እኔ ባየሁት ዕቅዶች የሚደናገሩት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የስልክ ዝርዝሩን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እየደወላችሁ አረጋግጡ፤ ልምምዱንም አንድ ጊዜ በሌሊት፣ መብራትና የስልክ መስመር እንደተቋረጠ አድርጋችሁ ሞክሩት።