ከአገር ውጭ ስልክ አልሠራ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከአውሮፕላን እንደወረዱ ስልኩ «አገልግሎት የለም» ቢል ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። ያረፉበት አገር ኔትወርክ መስመርዎን ከመቀበሉ በፊት የአገርዎን ቴሌኮም ድርጅት መጠየቅ ስላለበት የመጀመሪያው ምዝገባ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የበረራ ሁነታውን አብርተው ካጠፉ በኋላ ጥቂት ይታገሡ። ካልተሳካ በሴቲንግ ውስጥ አውቶማቲክ የኔትወርክ ምርጫውን ያጥፉና የሚታዩትን ኔትወርኮች አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ድርጅትዎ ውል ያለው ከአንዳንዶቹ ጋር ብቻ ሊሆን ይችላልና። አንዱም ካልተቀበለዎት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሮሚንግ አገልግሎቱ (የአገርዎን መስመር በሌላ አገር ኔትወርክ የሚያሠራው) አለመከፈቱ ነው። በዋይፋይ ገብቶ ድርጅቱን ማነጋገር ይቻላል፤ ከመነሳት በፊት ማስከፈቱ ግን እጅግ ይቀላል።

ሲግናል እያለ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ዳታ ሮሚንግ ለብቻው የሚበራ መሆኑን ያስታውሱ። ሁለት ሲም ባለው ስልክ ላይ ዳታው በየትኛው ሲም እንደተመረጠም ይመልከቱ። አዲስ የገዙት ሲም ከሆነ የኤፒኤን ስሙን (ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝበትን የመግቢያ ስም) ከሻጩ ጠይቀው በሴቲንግ ውስጥ ያስገቡ።

ኢንተርኔቱ ሠርቶ የድምፅ ጥሪው ብቻ እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ በ4ጂ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፈውን ቮልቴ የተባለ አሠራር የማያውቅ ስልክ በዚያ መደወል ሊያቅተው ይችላል። ስልክዎ አሠራሩ ካለው ከሴቲንግ ያብሩት፤ ከሌለው በኢንተርኔት በሚደውሉ መተግበሪያዎች ይጠቀሙ።

ስልኩ የሌላ ድርጅት ሲም አልቀበልም ካለ በመጀመሪያው ኦፕሬተር ተቆልፏል ማለት ነውና ቁልፉን እንዲከፍት የሚጠየቀው ያው ኦፕሬተር ነው። ኢሲም (ካርድ ሳይኖረው አብዛኛውን ጊዜ በኪውአር ኮድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ከሆነ ደግሞ ለመጫን ራሱ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ገና ቤትዎ ሳሉ ይጫኑት፤ አልሠራ ቢልም አያጥፉት፣ ብዙዎቹ የኪውአር ኮዶች የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው፣ በእኔ አስተያየት፣ የባንክ የማረጋገጫ ኮድ አለመድረሱ ነው፤ ሰው በባዕድ አገር ገንዘቡ እያለ ማውጣት ይሳነዋል። የተለመደው መንስኤ የአገር ቤቱ ሲም ወጥቶ በአካባቢው ሲም መተካቱ ነው። አጭር መልእክት ዳታ ስለማይፈልግ የአገር ቤቱን ሲም ከነሮሚንጉ ስልኩ ውስጥ ይተዉት፤ የእሱን ዳታ ብቻ ዘግተው ኢንተርኔቱን በኢሲም ወይም በሁለተኛው ሲም ይጠቀሙ። ባንኩ ከፈቀደ ከጉዞው በፊት ኮዱን ራሱ ስልኩ ወደሚያመነጭበት መተግበሪያ መሸጋገር የበለጠ አስተማማኝ ነው። ይህ መተግበሪያ ኮዱን የሚያሰላው ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ምስጢራዊ ቁልፍና ከሰዓቱ ስለሆነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ነገር ግን የሰዓት ቀጠናውን ሳይቀይሩ ሰዓቱን በእጅ ብቻ ያስተካከሉ እንደሆነ ትክክለኛው ኮድ እንኳ «ስህተት ነው» ይባላል፤ መፍትሄው ሰዓቱንም ቀጠናውንም ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው።

የተቀመጠ ስልክ ቁጥር አልደውል ካለ በፊቱ ያለውን 0 አንስተው የ+ ምልክቱንና የአገሩን ኮድ ያስገቡ፤ ዜሮው በቁጥሩ ላይ የሚቀርባቸው እንደ ጣሊያን ያሉ አገሮች ግን አሉ። ሳይደውሉ ሂሳብ ከቆረጠብዎ ደግሞ ያልመለሱት ጥሪ ወደ ድምፅ መልእክት ሳጥን ሲዞር ከአገርዎ እስከ እርስዎ መጥቶ ተመልሶ ስለሚሄድ በሁለቱም አቅጣጫ ሊያስከፍል ይችላል፤ በአብዛኛዎቹ ኔትወርኮች ##002# ብለው ሲደውሉ የጥሪ ማዞሪያው ሁሉ ይሰረዛል።