ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፦ የበረራ ርቀቱና ሰዓቱ ከቲኬቱ ጋር ለምን አይገጥምም?

ችግር፦ የኢንተርኔት የርቀት ማስያ ከጅማ እስከ ባሕር ዳር 440 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነና በረራውም አንድ ሰዓት እንደማይሞላ ያሳያል፤ ቲኬት ሊቆረጥ ሲል ግን ጉዞው ግማሽ ቀን ሊፈጅ እንደሚችል ይታወቃል።

ምክንያት፦ ማስያው የሚለካው በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለውን ቀጥታ የአየር መስመር እንጂ አውሮፕላኑ የሚሄድበትን መንገድ አይደለም። የአገር ውስጥ በረራዎች በአብዛኛው ቦሌን ማዕከል ስለሚያደርጉ፣ ከጅማ የተነሳ መንገደኛ መጀመሪያ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ በርሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይበራል። በዚህም ርቀቱ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከርቀቱ ይልቅ ጊዜውን የሚበላው ግን የቦሌው ቆይታ ነው።

የፍጥነት ግምቱም ያሳስታል። ብዙ ማስያዎች በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የትልልቅ ጄቶች ፍጥነት ይወስዳሉ፤ ወደ ጅማ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ግን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፣ እሱም ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው 260 ኪሎ ሜትር ለ660 ቢካፈል 24 ደቂቃ ያህል ይወጣል፤ ቲኬቱ ላይ ግን ወደ አንድ ሰዓት የተጠጋ ጊዜ ይጻፋል፤ ምክንያቱም መሬት ላይ መንደርደሩ፣ መውጣቱና መውረዱ ሁሉ ይቆጠራል።

መፍትሄ፦ ማስያውን ይተዉትና ሁለቱን በረራዎች ከነመነሻና መድረሻ ሰዓታቸው ከቲኬቱ ላይ ያንብቡ። ከተቻለ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ይቁረጡ፤ በተለይ በክረምት ደመናና ጭጋግ የጅማውን በረራ ካዘገየው፣ ለየብቻ የተቆረጠ ሁለተኛ ቲኬት በከንቱ ሊቀር ይችላል።

ችግር፦ ማስያው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳያል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ የተመረጠው ጅጅጋ ነው። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ፊደላት ጄ-አይ-ኤም፣ የጅጅጋ ደግሞ ጄ-አይ-ጄ ስለሆነ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻውን ፊደል ያረጋግጡ።

ችግር፦ መንገደኛው ሰዓቱን አክብሮ ቢደርስም በረራው አልፏል።

ምክንያት፦ ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 7:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:30 የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከዚህ የባሰው የወሩ ስም ነው፤ ዲሴምበርን ታኅሣሥ ብሎ መጥራት ስለተለመደ፣ ዲሴምበር 12 የተባለውን በረራ ታኅሣሥ 12 ብሎ የሚጠብቅ ሰው 9 ወይም 10 ቀን ይዘገያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸውን ለመሸኘት ከገጠር የሚመጡ ወላጆች በዚህ ምክንያት ገንዘባቸውን ሲያጡ ማየት ያሳዝናል።

መፍትሄ፦ ቲኬቱን የሚቆርጠው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከዕለቱ ስም ጋር፣ በወረቀቱ ጀርባ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። ዕለቱና ቀኑ ካልተጣጣሙ ስሕተቱ እዚያው መስኮቱ ላይ ሳሉ ይገኛል።