የቱ መሬት ይቅደም? ለዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ልታስከልሉ ላሰባችሁ

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወረዳ ላይ አካባቢ ጥበቃ የገቡ ልጆች አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል፣ ጥብቅ ቦታ ልናስከልል ነው ከየት እንጀምር ይሉኛል። አብዛኞቹ ሲመጡ ጎግል ኧርዝ ከፍተው አረንጓዴ የሆነውን ፈልገው መስመር አስምረው ነው። እኔም መጀመሪያ አካባቢ እንደዛ ነበር የምሰራው፣ ስህተት ነው። ካርታው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ እዚህ ያለው እንስሳ ከዚህ ቢጠፋ ሌላ የት ይገኛል? መልሱ የትም ከሆነ እሱ ቦታ ከሁሉም ይቀድማል፣ ደን ይኑረው አይኑረው፣ ለፎቶ ይመር አይመር ለውጥ የለውም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ምሳሌ ልስጣችሁ። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ጠዋት ብርዱን ችላችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ሳር ነጨት ነጨት እያደረገ ወደ ውስጥ ሲጎትት ታያላችሁ፣ መላ ሰውነቱን ብዙም አያወጣም፣ ምክንያቱም ቀይ ቀበሮዋ እዛ ማዶ ሆዷን መሬት አስነክታ አንድ እርምጃ እየሄደች እየቆመች እየተጠጋችው ነው። ይሄ ፍልፈል ከባሌ ውጪ በዓለም ላይ የለም። ቀይ ቀበሮም በአጠቃላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ እዛው ባሌ ነው ያለው። ቱሪስቱ የሚመጣው ቀበሮዋን ለማየት ነው፣ እናንተ ግን እቅድ ስታወጡ ፍልፈሉንም ሳሩንም መዝገቡ ላይ አስገቡ፣ ምክንያቱም ሳሩ ካለቀ ፍልፈሉ የለም፣ ፍልፈሉ ከሌለ ቀበሮዋን ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ስለጠበቃት ብቻ አትኖርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ዝርዝር ማውጣት ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እረኞችን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ግን "ምን እንስሳ አለ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው፣ የት ጋ፣ ስንት ነበሩ" በሏቸው፣ አለበለዚያ ከ20 ዓመት በፊት የነበረውንም ዛሬ እንዳለ አድርገው ይነግሯችኋል። ከዛ መስመር ይዛችሁ በእግር ሂዱ፣ ዱካ፣ ፋንድያ፣ ጉድጓድ፣ ያያችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ። ያላያችሁበትንም ጻፉ። ደግሞ በክረምትም በበጋም ሂዱ፣ በበጋ ባዶ የሚመስል ቦታ ክረምት ላይ መውለጃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ነው እንበል፣ ሶስት ቦታ አላችሁ፣ ገንዘቡና የሰው ኃይሉ የሚበቃው ግን ለሁለት ነው። አንደኛው ቦታ 9 ዓይነት ትልልቅ እንስሳ አለው፣ ሁለተኛው 8፣ ሶስተኛው 4። ሰው ሁሉ ወዲያው አንደኛውንና ሁለተኛውን ይመርጣል። ቆይ፣ ዝርዝሩን ጎን ለጎን አስቀምጡትና እዩት፣ ሁለተኛው ካሉት 8 ውስጥ 7ቱ አንደኛው ላይም ያሉ ከሆኑ እሱን በመጨመራችሁ ያተረፋችሁት አንድ እንስሳ ብቻ ነው፣ በድምሩ 10። ሶስተኛው ደግሞ 4 ብቻ ቢኖረውም 3ቱ አንደኛው ላይ ከሌሉ ድምሩ 12 ይሆናል። እኔ ይሄን ነገር የተረዳሁ ቀን ድሮ የሰራኋቸውን እቅዶች መልሼ ማየት ነው የጀመርኩት። ቦታ የሚመረጠው ለብቻው ባለው ሀብት ሳይሆን በተጠበቁት ላይ በሚጨምረው ነው። ቦታዎቹ በሺህ ሲቆጠሩ ማርክሳን የሚባል ሶፍትዌር አለ ይሄንኑ ሂሳብ የሚሰራ፣ ለወረዳ ግን ኤክሴል ከበቂ በላይ ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶም ይሰራል።

ቀጥሎ አደጋውን እዩ። ማንም የማይደርስበት ገደል ራሱን እየጠበቀ ነው ያለው፣ ዘንድሮ ባትከልሉት ለከርሞም አለ። በየዓመቱ እርሻ እየገፋው ያለው ሜዳ ግን ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ችግሩ ምንድነው፣ ለማስከለል ቀላሉ ገደሉ ነው፣ ማንም አይቃወማችሁም፣ ሪፖርት ላይም ሄክታሩ ያምራል። በዲሴምበር 2022 ሞንትሪያል ላይ ሀገራት እስከ 2030 ድረስ 30 በመቶ የሚሆነውን የብስና ውሃ እንዲጠበቅ ሲስማሙ እኔ ደስ ብሎኛል፣ ግን ፈርቻለሁም፣ ምክንያቱም ፐርሰንት ለመሙላት ማንም የማይፈልገውን መሬት መደርደር ይቻላል፣ እዛ ላይ ደግሞ የሚድን እንስሳ የለም። ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ ብታዩት ሳር ብቻ ነው፣ ላላወቀ ሰው ባዶ መሬት ነው፣ ግን እዛ ሳር ውስጥ የምትኖረው ትንሽዬ ወፍ ከአፍሪካ ወፎች ሁሉ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ውስጥ ናት። ሜዳው በቁጥቋጦና በእርሻ እየተዋጠ ነው፣ እዛ የተሻለ ውጤት የታየው ደግሞ የቦረና ሰው ራሱ ለጥጃና ለደካማ ከብት ሳር የሚያቆይበትን ካሎ የሚባል አጥር መልሶ በመጠቀም ነው።

ድንበሩ ላይ ረጋ በሉ፣ ብዙ እቅድ የሚበላሸው እዚህ ነው። እንስሳው የሚሄድበትን ተከተሉ። ጋምቤላ ላይ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በየዓመቱ ደቡብ ሱዳን ደርሶ ይመለሳል፣ የትኛውም መስመር ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ቢሰመር ግማሹን ህይወቱን ይቆርጠዋል። ሰሜን ተራሮች ደግሞ ፓርኩ መጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፣ በ1996 የዋልያው ቁጥር በመመናመኑና በሌሎች ምክንያቶች በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው፣ በመሃል ከተሰሩት ስራዎች አንዱ ድንበሩን እንደገና መስራት ነበር፣ ብዙ ሰው የሰፈረባቸውን መንደሮች እያስወጡ ሊማሊሞን፣ ሜሳረሪያን፣ ራስ ደጀንን እያስገቡ፣ አሁን 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል። ድንበር አንዴ ከተሰመረ አይነካም ማለት አይደለም እንግዲህ።

መተላለፊያ ነገር ደግሞ አለ፣ ኮሪደር የሚባለው። ሁለት ቦታዎችን የምታገናኝ ጠባብ መሬት ካለች ከዋናው ቦታ እኩል ጠብቋት፣ ግን በሽታም የሚያልፈው በዛችው መሆኑን አትርሱ። በ2003 ባሌ የዌብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ እዛ ከነበሩት ቀበሮዎች ሶስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ያኔ የተደረገው ነገር እስካሁን ያስገርመኛል፣ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ስለማይቻል ሸለቆውን ከሌላው የሚያገናኙት መተላለፊያዎች አካባቢ ያሉትን መርጠው ከተቡ፣ በሽታውም ሳያልፍ ቀረ። በሽታው የሚመጣው ከእረኛ ውሻ ስለሆነ እቅዳችሁ ውስጥ ከድንበሩ ውጪ ላሉ መንደሮች የውሻ ክትባት ካልገባ ጎደሎ ነው፣ በጀቱን ከመጀመሪያው ያዙ።

ሰው ጋ እንምጣ። አንድ ጊዜ ወሎ ደጋ ላይ ቢሮ ቁጭ ብለን ያሰመርነውን ድንበር ይዘን ቀበሌ ስብሰባ ወጣን፣ ወንዶቹ ግጦሹ ላይ ተከራከሩና ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው "ልጄ፣ ይሄን መስመር ስትስለው እኛ በየት አልፈን ውሃ እንቅዳ ብለህ ነው?" አሉኝ። በበጋ የማትደርቀው ብቸኛ ምንጭ እኛ ማንም አይገባም ብለን ካጠርነው ውስጥ ነበረች፣ ሳተላይቱ ላይ አትታይም፣ ትንሽ ናት፣ ከድንጋይ ስር ነው የምትወጣው። በማግስቱ እሳቸው ፊት ፊት እየሄዱ፣ እንስራቸውን አዝለው፣ እኛ ጂፒኤስ ይዘን ከኋላ ተከትለን መስመሩን በእግራችን አስተካከልነው፣ ግማሽ ቀን ፈጀ። ስለዚህ ድንበሩን ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር በእግር ሂዱት፣ ሴቶቹንም ለብቻ አነጋግሩ፣ ወንዱ ግጦሽ ያሳያችኋል፣ ማገዶና ውሃ የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁሉንም ነገር መከልከልም ግዴታ አይደለም። ምንም የማይነካ መሃል፣ በወቅት የሚከፈት ዙሪያ ብላችሁ ከፍሉት። መንዝ ጓሳን እዩ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ስርዓት ሳሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ስርዓቱ ፈረሰ፣ ህብረተሰቡ ግን በኋላ በኮሚቴ አስቀጠለው፣ እስከ ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዛ አሉ። በአካባቢያችሁ እንደዚህ ያለ የቆየ ደንብ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፣ አዲስ መመሪያ ከመጻፍ በፊት ማለቴ ነው፣ ሰው ያወጣውን ደንብ ራሱ ያስከብረዋል።

ህጋዊነቱን ደግሞ አታዘግዩ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ1970 ተቋቁሞ በህግ የታወጀው በ2014 ነው፣ 44 ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ሳያልቅ ሰፈራውና ግጦሹ እየገፋ ቆየ። ቦታው ሁለት ክልል ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጉዳዩ የፌደራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ነው፣ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክልላችሁ ጋ ነው፣ የማህበረሰብ ጥብቅ ቦታ የሚባለውን መንገድም ጠይቁ። ከሰነዱ ጋር የድንበሩን ነጥቦች፣ የተሰበሰበውን ሰው ፊርማ፣ የዝርዝሩን ሰንጠረዥ አያይዙ።

ከታወጀ በኋላ መጀመሪያ የቆጠራችሁበትን መስመር ጂፒኤሱን በደንብ አስቀምጡት፣ በየዓመቱ በዛው ወር፣ በዛው ሰዓት፣ በዛው መስመር ሂዱና ቁጠሩ፣ ሰው ቢቀየርም መስመሩ አይቀየር። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከቀነሰ ሶስተኛውን ሳትጠብቁ ከእረኞቹ ጋር ቁጭ በሉ።