የፊት መስታወት ሲቀየር ካሜራው አይረሳ

እ.ኤ.አ. የ2019 ሞዴል ቶዮታ ራቭ4 አደጋ ሲቃረብ በራሱ ፍሬን እንዲይዝ የሚያስችለው ሥርዓት በሁለት ዓይን የሚያይ ሲሆን፣ አንዱ ከውስጥ ስፖኪዮው አጠገብ በፊት መስታወቱ ላይ የተገጠመው ካሜራ፣ ሌላው ከፊት አርማው ጀርባ ያለው ራዳር ነው። ስለዚህ በጭቃ መንገድ ከተጓዙ በኋላ አርማውን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ቦሎ ሲለጥፉም ከካሜራው እይታ ያርቁት። ዋናው ጉዳይ ግን መስታወቱ ሲቀየር ነው፤ ካሜራው በጥቂቱም ቢሆን ተዛንፎ ከተመለሰ ከሩቅ ያለውን መኪና በሌላ ረድፍ እንዳለ አድርጎ ሊያየው ስለሚችል፣ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ካሊብሬሽን (የካሜራውን እይታ በትክክል የማስተካከል ሥራ) መሠራቱን ይጠይቁ። የማስጠንቀቂያ መብራት አለመብራቱ ብቻውን ካሜራው በትክክል መስተካከሉን አያረጋግጥም።