ቤተሰቧ በስደት የተከፈለባትን ጀርመናዊት ታሪክ እንዴት መጻፍ ይቻላል

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአምስት ሚሊዮን የማያንሱ ጀርመናውያን ወደ አሜሪካ ስለ ተሰደዱ፣ ግማሹ ባሕር የተሻገረ፣ ግማሹ በትውልድ መንደሩ የቀረ ቤተሰብ በጀርመን የተለመደ ነው። ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ የተወለደችን ሴት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን የወንድሞቿን ታሪክ ከሚጽፈው ይልቅ ይቸገራል፤ የዘመኑ መዝጋቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሷት በአባቷ ወይም በባሏ ስም ሥር ነውና። በዚህ መመሪያ ብዙዎቹ ምሳሌዎች የተወሰዱት በርካታ ስደተኞች ከወጡባት ከደቡብ ምዕራቧ ዉርተምበርግ ሲሆን፣ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን ከመርከቡ ይጀምራል፤ እኔ ግን ይህን አልመክርም። የሐምቡርግ ወደብ የመንገደኞች ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ድረስ ያለው በአመዛኙ ተጠብቆ ቢገኝም፣ ከሐምቡርግ ይልቅ ብዙ ስደተኛ ያሳፈረው የብሬመን ዝርዝር ከ1920 በፊት ያለው ክፍል በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ቦታ ጠበበ ተብሎ አሮጌዎቹ መዝገቦች እንዲወገዱ መደረጋቸው ነው። ዝርዝሩ ቢገኝ እንኳ ስለ አንዲት ሚስት የሚነግረን ከአንድ መስመር አይበልጥም። ደግሞም ባለ ታሪኳ በመንደሩ የቀረችው እኅት ከሆነች በየትኛውም የመርከብ ዝርዝር ውስጥ አትገኝም።

ስለዚህ መነሻዎ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይሁን። በመላው የጀርመን ግዛት የመንግሥት የክብር መዝገብ የተጀመረው ከጥር 1 ቀን 1876 ወዲህ ስለ ሆነ፣ በአብዛኞቹ አካባቢዎች ከዚያ በፊት ያለው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚገኘው በደብሩ መጽሐፍ ነው። የፕሮቴስታንቶቹን በአርኪዮን፣ የካቶሊኮቹን በማትሪኩላ ድረ ገጾች ላይ ይፈልጉ፤ አርኪዮን ክፍያ ይጠይቃል። በዉርተምበርግ ከ1808 ጀምሮ ቀሳውስቱ እያንዳንዱን ቤተሰብ በአንድ ገጽ ላይ የመመዝገብ ግዴታ ስለ ነበረባቸው፣ ከአንድ ልጅ ስም አጠገብ «ወደ አሜሪካ» የሚል አጭር ማስታወሻ ሊያገኙ ይችላሉ። ጽሕፈቱ ኩሬንት በሚባለው አሮጌ የእጅ ጽሕፈት ስለ ሆነ ፊደላቱን አስቀድሞ ማጥናት ያስፈልጋል። የክርስትና እናቶችን ስም ሳይዘነጉ ይገልብጡ፤ አንዲት ሴት በችግሯ ጊዜ ወደ ማን ትሄድ እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ የሚጠቁም ሰነድ ብዙ የለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ተመዝግቦ ቢያገኙም ለፍርድ አይቸኩሉ። በደቡብ ጀርመን ድኾች ለመጋባት የማኅበረሰቡን ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸውና፣ ፈቃዱ የተነፈጋቸው አንዳንድ ጥንዶች ልጃቸውን ይዘው ተሰደው በአሜሪካ ተጋብተዋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜዎን የሚሰጡት ለንብረት ሰነዶች ይሁን። በዉርተምበርግ ብዙ አካባቢዎች መሬት ለወንዱም ለሴቷም ልጅ እኩል ይከፋፈል ስለ ነበር እርሻው በየትውልዱ እየተሸራረፈ ሄዷል፤ ለስደቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዚያው ሥርዓት መሠረት ሰው ሲጋባና ሲሞት ንብረቱ ይቈጠር ነበር። ይህ ቈጠራ እስከ 1899 ድረስ የቀጠለ ሲሆን፣ አብዛኛው በከተማና በመንደር ቤተ መዛግብት ይገኛል። በጋብቻዋ ጊዜ የተጻፈው ዝርዝር ሙሽራዋ ወደ ትዳር ይዛ የገባችውን አልጋ ልብስ፣ ድስት፣ ቀሚስና መጽሐፍ ሳይቀር ከነግምቱ ይዘረዝራል። የወላጆቿ ውርስ ሲከፈል ደግሞ በባሕር ማዶ ያሉት ወንድሞች ድርሻ እንዴት እንደ ተያዘ፣ ማን በውክልና እንደ ተረከበላቸው ይታያል። አረጋውያን ወላጆች ቤቱን ለልጃቸው ሲያስረክቡ የሚጻፈው ውልም አይዘለል፤ የቀረችው ሴት ልጅ በምን ልክ እህል፣ እንጨትና ማደሪያ ልትጦራቸው እንደ ተስማማች የሚነግረን እርሱ ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤዎች ይመጣሉ። ጎታ በምትባለው የጀርመን ከተማ የሚገኘው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የስደተኞች ደብዳቤዎች ስብስብ አለው፤ ሆኖም በጀርመን የተረፉት በአብዛኛው ከአሜሪካ የተላኩት ስለ ሆኑ፣ መንደሩ የቀረችው ሴት ራሷ የጻፈችው እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ሲሆን እርሷን ከሚመለስላት መልስ ማንበብ የግድ ነው። ወንድሟ በተከታታይ ደብዳቤዎች ገንዘብ ያልላከበትን ምክንያት የሚያስረዳ ከሆነ ደጋግማ እንደ ጠየቀችው መገመት ይቻላል፤ ነገር ግን ግምቱን እንደ ግምት ይጻፉት እንጂ ቃሏ አስመስለው አያቅርቡት። ባለ ታሪኳ የተሰደደችው ከሆነች፣ በባሏ ደብዳቤ ግርጌ ያከለቻቸው ጥቂት መስመሮች ካሉ ለብቻቸው ይገልበጡ። ስደተኛው ለዘመዶቹ ኑሮውን አሳምሮ ሊጽፍ እንደሚችል አይርሱ፤ የመርከብ ትኬት ልኮ ሊያስመጣቸው በሚፈልግበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል።

በአሜሪካ በኩል የ1900 እና የ1910 የሕዝብ ቈጠራዎች እጅግ ይጠቅማሉ፤ ሴቲቱ በየትኛው ዓመት እንደ ገባች፣ ስንት ልጅ እንደ ወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቁ ስለ ነበር፣ በደብዳቤ ያልተነሣ የልጅ ሞት በዚያ ሊገለጥ ይችላል። የ1890ው ቈጠራ በ1921 በተነሣ እሳት ምክንያት አብዛኛው ስለ ጠፋ፣ ክፍተቱን በደብር መዝገብና በከተማ የአድራሻ መጽሐፎች ይሙሉት። የዜግነት ወረቀቷን ፈልገው ቢያጡም አይገረሙ፤ እስከ መስከረም 1922 ድረስ ያገባች ሴት የባሏን ዜግነት ትከተል ስለ ነበር መፈለግ ያለበት የእርሱ ማመልከቻ ነው። በ1870ው የጀርመን ሕግም የውጭ ዜጋ ያገባች ጀርመናዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር።

ለመጻፍ ሲቀመጡ ከሁለቱም አገር የተገኘውን በአንድ የዘመን ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ያስፍሩት፤ የእናት ሞትና የወንድም ዝምታ በአንድ ዓመት መግጠማቸው የሚታየው እንዲህ ሲደረግ ነው። ሰንጠረዡ ወደ 20ኛው ምዕተ ዓመት ሲገባ ጀርመን የክብር መዝገቦቿን ለማንኛውም ተመራማሪ የምትከፍተው ልደትን ከ110፣ ጋብቻን ከ80፣ ሞትን ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑን ያስቡ፤ ከዚያ በፊት የቀጥታ ዘመድ ያልሆነ ሰው የሕግ ጥቅሙን ማስረዳት ይጠበቅበታል። በሌሎች ዘመዶች እጅ ያለን ደብዳቤ ለማሳተም ከባለቤቱ ፈቃድ በተጨማሪ የጸሐፊው መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት እንደሚጠበቅ ማስላት ያስፈልጋል።